መብራት ሲመለስ ሰርቨሩን ማን ያስነሣዋል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 ቶሮንቶን ጨምሮ በኦንታሪዮና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸዋል። በዲሴምበር 2013 ደግሞ እንደ ወረደ በረዶ የሚሆን ዝናብ ዛፎችንና የመብራት መስመሮችን ሰባብሮ፣ በከተማዋ ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጉ ደንበኞችን በጨለማ አስቀርቷል። ኃይል ሲመለስ ኮምፒውተር ይነሣል፤ በላዩ ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ግን አብሮት መነሣቱ የግድ አይደለም።

በዳንፎርዝ ጎዳና እንዳሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ያለ አነስተኛ ንግድ የምግብ ማዘዣ ድረ ገጹን በራሱ ሰርቨር ቢያስተናግድ፣ ችግሩ ወዲያው ይታያል። ማሽኑ በርቷል፣ ኢንተርኔቱም አለ፤ ገጹ ግን አይከፈትም። ፕሮግራሙን ያስነሣው ባለሙያ ትእዛዙን በእጁ ጽፎ ነበርና ማሽኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

በአብዛኞቹ የሊነክስ ሥርዓቶች ይህን ሥራ የሚረከበው ሲስተምዲ ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ በ2010 ያስተዋወቁት ይህ ሶፍትዌር ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ ተነሥቶ ሌሎቹን ያስነሣል። እንደ ቶምካት ያለ የድር አፕሊኬሽን ሰርቨር በአደራ የሚሰጠው በአጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። በፋይሉ ላይ የሚነሣበት ትእዛዝ፣ የሚሠራበት ተጠቃሚ ስም (ሙሉ ሥልጣን ያለው ሩት ባይሆን ይመረጣል) እና ሲወድቅ የሚደረገው ነገር ይጻፋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። «ስታርት» የሚለው ትእዛዝ አገልግሎቱን ለአሁን ብቻ ያስነሣል፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር እንዲነሣ የሚያደርገው «ኢኔብል» ነው። ሁለተኛውን የዘነጋ ሰው ስሕተቱን ለወራት ላያውቀው ይችላል፤ የሚያውቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሲስተምዲ የወደቀን አገልግሎት መልሶ የሚያስነሣው እንዲያ ተብሎ ከታዘዘ ብቻ ነው። ቢታዘዝም እንኳ፣ ሌላ መመሪያ ካልተሰጠው፣ የሚጠብቀው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ይተወዋል። ከመብራት መጥፋት በኋላ ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ያለው ዳታቤዝ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን አጥቶ ቶሎ ቶሎ ከወደቀ፣ ዳታቤዙ ሲደርስ የሚጠብቀው አያገኝም። በሙከራዎቹ መካከል የ10 ሰከንድ ዕረፍት መጻፍ ግን ገደቡ ላይ እንዳይደርስ ያደርጋል። አንድ መስመር ብቻ ናት።

የመጨረሻው ፈተና ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ሰኞ ማለዳ።