«እየነዳሁ ነው፤ ስደርስ እደውላለሁ»

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚገባው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል፤ ነገር ግን በፍጥነት መንገድ ላይ ስልክ አየት ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። መልእክት ለማንበብ አምስት ሰከንድ ያጠፋ ሾፌር 140 ሜትር ገደማ መንገዱን ሳያይ ነድቷል፤ ይህ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል።

ሾፌሮች ይህን አያጡትም። ታዲያ ለምን ያነባሉ? በእኔ እምነት የሚያስቸግራቸው ዝም ማለቱ ነው። እናት «ደረስክ ወይ?» ብላ ልካ መልስ ካጣች ልቧ ይሰቀላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት የሚጠብቅ ነጋዴም ዝምታውን እንደ ንቀት ሊቆጥረው ይችላል። ሾፌሩ ይህን ስለሚያውቅ እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩ በራሱ የሚልከው ፈጣን መልስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የላኪውን ጭንቀት ያቀልለታል፣ ሾፌሩንም ከይሉኝታ ያወጣዋል።

«ስልኩን በእጄ ካልያዝኩ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በመንዳት ማስመሰያ መሣሪያ ፈተኑ። በስልክ እያወሩ የነዱት ሰዎች ችግር ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ከጠጡት ሰዎች የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝም ልዩነት አላመጣም፤ የሚዘናጋው አእምሮ ነውና።

ስልኩ መንዳታችንን በምን ያውቃል? በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ለኪ ቺፕ የመኪናን ንዝረትና ፍጥነት ከእግር ጉዞ ይለያል። ከመኪናው ብሉቱዝ ጋር መገናኘቱም ሌላ ፍንጭ ነው። አፕል ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 በአይፎን ላይ አመጣው፤ ማሳወቂያዎችን ዝም ያሰኝና ለላኪው በራሱ መልስ ይሰጣል።

በእኛ መንገድ ግን ይህ ዘዴ አንዳንድ ነገር ይስታል። ከአዳማ በአባዱላ ሚኒባስ የተሳፈረ መንገደኛ ከሾፌሩ እኩል ይፈጥናል፤ ስልኩ ሁለቱን መለየት ስለማይችል ተሳፋሪው «እየነዳሁ አይደለም» የሚለውን መንካት አለበት። የባቱና የመቂ ባጃጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብሉቱዝ የለውም፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ባለባጃጁ ከመነሳቱ በፊት በእጁ ቢያበራው ይሻላል።

ሁለት ስልኮች በራሳቸው ቢመላለሱስ? ጥያቄው የቆየ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊው ኤሪክ ኦልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኢሜይል በጻፈው የ«ፈቃድ ላይ ነኝ» መላሽ ፕሮግራም ውስጥ መልስ የተሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር አስቀመጠ፤ አንድ ሰው መልስ ካገኘ በኋላ ደግሞ ቢጽፍ ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛ አይላክለትም። ይህ ባይኖር ሁለት መላሾች ማቆሚያ በሌለው ምልልስ ይጠመዱ ነበር።

መልሱን በአማርኛ መቀየር ይቻላል፤ እኔም ይህን እመክራለሁ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል፤ የእኛ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚፈልግ የሚገባው 70 ብቻ ነው። «እየነዳሁ ነው፤ ስደርስ እደውላለሁ።» ክፍት ቦታውና ነጥቦቹ ተቆጥረው 22 ናቸው። ሌላም ጥቅም አለው። «ቆይተህ ደውል» ያልን እንደሆነ ማሽኑ ለእህትም ለአባትም ያንኑ ይልካል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ማለቱን አያውቅም። ስለራስ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ግን ማንንም አያስቀይምም።

ቴሌግራም ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያመጣው የንግድ አገልግሎት «አሁን የለሁም» የሚል መልስ በሰዓት እንድንወስን ያስችላል፤ መንዳታችንን ግን አያውቅም፣ የሚሠራውም ለከፋዮች ብቻ ነው። ጥሪ ሲመጣ «በኋላ እደውላለሁ» የሚለው የአንድሮይድ ዝግጁ መልስም እጅና ዓይን ስለሚፈልግ ለሾፌር አይሆንም።

ስለዚህ ሾፌሮች፣ ከመነሳታችሁ በፊት በራሱ የሚመልሰውን ዘዴ አብሩት። እቤት ያላችሁም መልሱ ሲደርሳችሁ ታገሡ። አይፎን ከአንድ ቁጥር በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጥሪ ከመጣለት አስቸኳይ ነው ብሎ ሊያስተላልፈው ይችላል። ያን መንገድ በእርግጥ ለቸገረ ቀን አቆዩት።