ቢራቢሮ የሚስቡ የጓሮ ተክሎች

ቢራቢሮ የሚስቡ ተክሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ለቢራቢሮዋ ጣፋጭ የአበባ ወለላ የሚሰጡ፣ እና ቅጠላቸው ለትሏ ምግብ የሚሆን። ብዙ ሰው የሚተክለው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። አበባ ብቻ ባለበት ጓሮ ግን ቢራቢሮ ቀስማ ትሄዳለች እንጂ አትራባም።

ለመቅሰም ዚኒያና ፔንታስ ጥሩ ናቸው። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ተጠጋግተው ይተከላሉ፤ ቢራቢሮ ሰውነቷን በፀሐይ ካላሞቀች በደንብ አትበርምና። የወፍ ቆሎ (ላንታና ካማራ) ብዙ ቢራቢሮ ይጠራል፤ ነገር ግን ወራሪ አረም ነው፣ ከብትም ይመርዛል፣ ስለዚህ ባይተከል ይሻላል።

የትሉ ምግብ እንደ ዝርያው ይለያያል። በኢትዮጵያና ከሰሃራ በታች ባሉ ሌሎች አገሮች የምትገኘው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ በጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ፣ እንቁላሏን በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ትጥላለች። ቅጠሉ ተስማሚ መሆኑን የምታውቀው በእግሯ ቀምሳ ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፎችም ሳይነኩት ያልፋሉ። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነካም ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ መጥፎ ሽታ ያለው ቀንድ ያወጣል። ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ደንግጦ መድኃኒት ይረጫል፤ የሚገድለው ግን ያንኑ በአበባው ሊጠራት የደከመላትን ቢራቢሮ ነው።

ለትልቅ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ትሎች ብዙም አያስቸግሩም። ችግኝን ግን ቅጠል አልባ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር ይበቃል።