በዓሉ ግርማ እና «ኦሮማይ»

በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሮማናት አደባባይ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ስለ ጦርነት አሳምሮ የሚጽፍ ጦርነትን ያየ ብቻ ነው አለ። ሌላው የአሜሪካዊውን የስቴቨን ክሬንን ስም ጠራበት። ክሬን እ.ኤ.አ. በ1871 ተወልዶ በ1900 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስመ ጥር ያደረገውን የጦርነት ልብ ወለድ በ1895 ሲያሳትም ደግሞ አንድም ውጊያ በዓይኑ አላየም። የጻፈው ከመወለዱ በፊት ስላለቀው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ክርክሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን የበዓሉ ግርማ ስም ሲነሣ ሌላ ጥያቄ መጣ። አይቶ የጻፈውስ ምን ደረሰበት?

በዓሉ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሱጴ በተባለ ስፍራ፣ ከህንዳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አሜሪካ ደርሶ ተመለሰ። ጋዜጠኛ ሆኖ አዲስ ዘመንን ጨምሮ በርካታ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን አዘጋጀ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም ወጣ። (በ«ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ የተቀረጸው በአድዋው ተወላጅ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል ነው የሚሉ አንባብያን ብዙ ናቸው።)

በ1974 ዓ.ም ደርግ የኤርትራን ጦርነት ለመጨረስ የቀይ ኮከብ ዘመቻን አወጀ። በዓሉ ያን ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ነበርና ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አሥመራ ወረደ። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። «ኦሮማይ» ከዚህ ተወለደ። ቃሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ በአሥመራ አፍ የገባ ሲሆን ትርጉሙ «አበቃ፣ አለቀለት» እንደ ማለት ነው።

ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም ሌላውን ለማሳመን ተልኮ እርሱ ራሱ እምነቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ከአሥመራዊቷ ፊያሜታ ጋር የያዘው ፍቅር እንደ እኛ አስተያየት አንዳንድ ቦታ ላይ ይረዝማል። ስለ ባለ ሥልጣኖቹ የተጻፈው ግን እጅግ የሰላ ነው፤ በሆቴልና በግብዣ የሚታየው ድፍረት ተራራው ሥር ሲደርስ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን ደራሲው ሳይጮኽ ያሳያል።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም ታተመ፤ ወዲያውም ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ዕድሜው ከ45 ዓመት አይበልጥም ነበር። መቃብሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ግን ደጋግሞ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛም ወጣ።

እኛ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ውስጥ ያለፍን ነንና ይህን መጽሐፍ እንደ ሩቅ ዘመን ታሪክ ልናነበው አልቻልንም። ጦርነቱን ያየ ብቻ ይጽፋል ብሎ የተከራከረው ጓደኛችን በዚያ ጊዜ ማስታወሻ ይይዝ እንደ ነበር የነገረን ሻዩ ካለቀ በኋላ ነው። ደብተሩን በማግሥቱ አመጣው። ከውስጡ ጥቂት ገጽ በዚህ መጽሔት እንድናትም ለመንነው፤ ስሙ ካልወጣ እሺ ብሏል።