የአሜሪካ የጥበብ ሜዳሊያዎች ጥናትና ስብስብ

የአሜሪካ የጥበብ ሜዳሊያ በአሜሪካ ቀራጺዎች ወይም በአሜሪካ ትእዛዝ የተሠራ፣ በአብዛኛው የነሐስ የሆነና በመዳፍ የሚያዝ አነስተኛ የቅርጽ ሥራ ነው። በአማርኛ «ሜዳሊያ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አትሌት አንገት ላይ የሚጠለቀው ወይም ወታደር ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ሽልማት ነው። የጥበብ ሜዳሊያ ግን ብዙውን ጊዜ ማንጠልጠያም ሆነ ጥብጣብ የለውም፤ በእጅ እየተገላበጠ ፊቱና ጀርባው እንዲታይ ታስቦ የተሠራ ነው። ሳንቲምም አይደለም፤ የገንዘብ ዋጋ አልተጻፈበትም፣ ገበያ ወጥቶም ዕቃ አይገዛም።

ከሳንቲም መለየቱ ለተመራማሪ ችግር ይፈጥራል። ሳንቲም በሕግ የሚወጣ በመሆኑ መቼና ስንት እንደታተመ በመንግሥት መዝገብ ይገኛል። ሜዳሊያን ግን ማኅበር፣ ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ባለጸጋ ሊያሠራው ይችላል። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመትም ብዙ ጊዜ የሚዘከረው ድርጊት የተፈጸመበት እንጂ ሜዳሊያው የተሠራበት አይደለም። ስለዚህ ሜዳሊያን ማጥናት ብረቱን ከወረቀት ጋር ማገናኘት ነው፤ ወረቀቱ ከጠፋ ብረቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመር

ሜዳሊያን እንደ ጥበብ ሥራ ያስጀመረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፒሳኔሎ ነው ይባላል። እርሱም በ1438 ወይም በ1439 ገደማ የቢዛንታይኑን ንጉሠ ነገሥት የስምንተኛው ዮሐንስን መልክ በአንድ ወገን፣ በፈረስ ተቀምጦ የሚታይበትን ትዕይንት በሌላው ወገን አድርጎ ሠራ። የአሜሪካ ሜዳሊያ ታሪክ የሚጀምረው ከነጻነት አዋጁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። መጋቢት 25 ቀን 1776 የአህጉራዊው ኮንግረስ ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን የእንግሊዝን ጦር ከቦስተን ስላስለቀቀ የወርቅ ሜዳሊያ እንዲሠራለት ወሰነ። ሥራው ለፓሪስ ባለሙያዎች ተሰጠ፤ ማተሚያውን ዱቪቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ቀረጸው። ሜዳሊያው ዋሽንግተን እጅ የገባው በ1790 ነው፤ ከውሳኔው 14 ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ያ የወርቅ ሜዳሊያ ዛሬ የቦስተን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐሳብ የተሠራውና «ሊበርታስ አሜሪካና» የሚባለው ሜዳሊያም ፓሪስ ውስጥ በኦገስቲን ዱፕሬ እጅ የተቀረጸ ነው።

በ1792 የፊላደልፊያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አገር ቤት ገባ። በ1812ቱ ጦርነት ለተዋጉ መኮንኖች የተሰጡትና ለአገሬው ነባር ሕዝብ አለቆች የተበረከቱት «የሰላም ሜዳሊያዎች» የዚህ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሆኖም የሠሯቸው በዋነኛነት የማተሚያ ብረት ቀራጮች ነበሩ። የሐውልት ቀራጺዎች ወደ ሜዳሊያ የዞሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በፓሪስ ሠልጥነው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ከእነርሱ ቀዳሚው በደብሊን የተወለደው ኦገስተስ ሴይንት-ጎደንስ (1848–1907) ነው። በ1893 ቺካጎ ውስጥ ለተካሄደው የኮሎምበስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሽልማት ሜዳሊያ እንዲሠራ ተጠርቶ ነበር። በፊቱ ላይ ኮሎምበስ ከመርከብ ሲወርድ አሳየ፤ በጀርባው ግን ራቁቱን የቆመ ልጅ በማድረጉ የምክር ቤት ሰዎች ተቃወሙት፤ ሥራውም ተጣለ። የጀርባው ሥራ ለማተሚያ ቤቱ ዋና ቀራጭ ለቻርልስ ባርበር ተሰጠ፤ ሴይንት-ጎደንስም እጅግ ተቆጣ። ዛሬ ይህን ሜዳሊያ የሚይዝ ሰው በአንድ ብረት ላይ የማይዋደዱ ሁለት ሰዎችን ሥራ ይዟል። ፊቱ ለስላሳና ሕይወት ያለው ሲሆን ጀርባው የቢሮ ማኅተም ይመስላል።

ከጭቃ እስከ ነሐስ

አሠራሩን ማወቅ ለጥናቱ የግድ ነው። ቀራጺው መጀመሪያ ሞዴሉን ከሜዳሊያው ብዙ ጊዜ በሚበልጥ መጠን በጭቃ ይሠራል፤ ከዚያም በጀሶ ይገለብጠዋል። ከጀሶው ላይ በኤሌክትሪክ አማካይነት ጋልቫኖ የሚባል የመዳብ ቅርፊት ይወጣል። ቀጥሎ ጋልቫኖው ፈረንሳዊው ቪክቶር ዣንቪዬ በፈለሰፈው ማሳነሻ ማሽን ላይ ይታሠራል። የማሽኑ አንድ ጫፍ የትልቁን ሞዴል ገጽ እየዳሰሰ ሲዞር ሌላው ጫፍ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሶ በብረት ላይ ይቀርጻል። በዚህ መንገድ ምስሉ በግልባጭ የተቀረጸበት ማተሚያ ብረት፣ ማለትም ዳይ፣ ይገኛል። ነሐሱ በሁለት ዳይ መካከል ሆኖ በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ምስሉ ጥልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ በመካከሉ በእሳት እየለሰለሰ ደጋግሞ ይታተማል። በመጨረሻ ፓቲና የሚባለው ቡናማ ወይም አረንጓዴ የገጽ ቀለም ይሰጠዋል።

ይህ ማሽን ቀራጺውን ከብረት ቀራጩ ነጻ አወጣው፤ ጭቃ መሥራት የሚችል ሁሉ ሜዳሊያ መሥራት ቻለ። በኒውዮርክ የዌይል ወንድማማቾች፣ ሄንሪና ፊሊክስ፣ ማሽኑን ይዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሜዳሊክ አርት ኩባንያን መሠረቱ። የፑሊትዘር የጋዜጠኝነት ሜዳሊያ እንዲሁም ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጡት የኒውበሪና የካልዴኮት ሜዳሊያዎች በዚህ ኩባንያ ታትመዋል።

ሁለት ተከታታይ እትሞች

አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች በብዛት የሚያሳድዱት ሁለት ተከታታይ ሥራዎችን ነው። የመጀመሪያው «የሜዳሊያ ወዳጆች ክበብ» ሲሆን ከ1909 እስከ 1915 ድረስ 12 ሜዳሊያዎችን አውጥቷል። እያንዳንዱ ሜዳሊያ በመጽሐፍ መልክ በተዘጋጀ ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር ይላክ ነበር። ሁለተኛው በ1930 በጆርጅ ዱፖንት ፕራት አነሳሽነት የተመሠረተው «የሜዳሊያ ቀራጺዎች ማኅበር» ነው። አባላት በየዓመቱ ክፍያ ፈጽመው ሁለት ሜዳሊያ ይቀበሉ ነበር፤ ይህም እስከ 1995 ድረስ ቀጥሎ 129 እትም ደርሷል። የመጀመሪያውን ላውራ ጋርዲን ፍሬዘር ሠራች፤ በአንድ ወገን አዳኝ፣ በሌላው ዱር ውስጥ ያለ ወፍ ይታያል። ሁለተኛው የፖል ማንሺፕ ሲሆን የግሪኮችን የወይን አምላክ ዲዮኒሰስን ያወድሳል። ማንሺፕ በኒውዮርክ ሮክፌለር ማዕከል ያለውን በወርቅ የተለበጠ የፕሮሜቴየስ ሐውልት የሠራው ነው።

ማኅበሩ ለቀራጺዎች የርዕስ ነጻነት መስጠቱ ትልቁ ውለታው ነው። ከእያንዳንዱ እትም ጋር ቀራጺው ሐሳቡን የሚያስረዳበት ትንሽ ወረቀት ይመጣ ነበር። ብዙዎች ሜዳሊያውን አስቀምጠው ወረቀቱን ጥለዋል፤ ለተመራማሪ ግን ያ ወረቀት ከሣጥኑና ከብረቱ እኩል ይፈለጋል።

መጻሕፍት

ለቀደሙት ሜዳሊያዎች መነሻው በ1878 በሁለት ጥራዝ የታተመው የሉባ «የአሜሪካ ሜዳሊያ ታሪክ» ነው። ሉባ ሜዳሊያዎቹን ከመግለጽ አልፎ የኮንግረስ ውሳኔዎችንና ደብዳቤዎችን በሙሉ አስገብቷል፤ ሥዕሎቹን የቀረጸው ፈረንሳዊው ዡል ዣክማር ነው። በፊላደልፊያ ለታተሙት የሮበርት ጁልያን የ1977 መጽሐፍ ከ1792 እስከ 1892 ያለውን መቶ ዓመት ይሸፍናል። ጨረታ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት የጁልያንን ቁጥር ነው።

ስለ ቀራጺዎች ሕይወት ለማወቅ ከ1904 እስከ 1930 በ8 ጥራዝ የወጣው የሊዮናርድ ፎረር መዝገበ ሰብ አለ። ሰፊ ነው፣ ግን ዕድሜውን ታሳቢ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሴይንት-ጎደንስ ትውልድ ላሉት የባርባራ ባክስተር መጽሐፍ፣ ለሁለቱ ተከታታይ እትሞች ደግሞ የዴቪድ አሌክሳንደር «የአሜሪካ የጥበብ ሜዳሊያዎች 1909–1995» (2010) ዋነኛ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ብቻ መግዛት የሚችል ጀማሪ የአሌክሳንደርን ቢይዝ ይሻላል፤ ስለ እያንዳንዱ ሜዳሊያ ቀራጺውን፣ መጠኑንና ታሪኩን በአንድ ቦታ ያገኛል።

ቤተ መዛግብትና ስብስቦች

በ1858 በኒውዮርክ የተቋቋመው የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር የዘርፉ ዋና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። በ1910 የዘመኑን ሜዳሊያዎች ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። ያኔ የታተመው ካታሎግ የቀራጺዎችን አጭር የሕይወት ታሪክ ስለያዘ አሁንም ያገለግላል። ማኅበሩ ለሜዳሊያ ጥበብ የሚሰጠውን የሳልተስ ሽልማት በ1919 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው ጄምስ ኧርል ፍሬዘር፣ የላውራ ባል ነው። የስብስቡ መረጃ በኢንተርኔት በነጻ ይፈለጋል።

የሜዳሊክ አርት ኩባንያ መዝገብ ዕጣ ግን ለብዙ ዓመታት እርግጠኛ አልነበረም። ኩባንያው በ1972 ከኒውዮርክ ወደ ዳንበሪ፣ ኮነቲከት ተዛወረ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከግዛት ወደ ግዛት ሲዘዋወር ዳዮቹ፣ ጋልቫኖዎቹና ፋይሎቹም አብረው ተጓዙ። በ2016 የመጨረሻው ባለቤት ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። ለአበዳሪ አሮጌ ዳይ በኪሎ የሚመዘን ብረት ነው፤ ለተመራማሪ ግን ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሠራ የሚያሳይ ምስክር ነው። በ2018 የኑሚስማቲክ ማኅበሩ መዝገቡን ገዝቶ አተረፈው።

የቀራጺዎች የግል ወረቀቶች ተበታትነው ይገኛሉ። የሴይንት-ጎደንስ በዳርትመዝ ኮሌጅ፣ የአዶልፍ ዋይንማን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ጥበብ ቤተ መዛግብት፣ የፍሬዘር ባልና ሚስት በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። የፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት ሰነዶች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ሩቅ አገር ላለ አንባቢ በጣም የሚጠቅመው በሴንት ሉዊስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኒውማን ኑሚስማቲክ ፖርታል ነው፤ የቆዩ የጨረታ ካታሎጎችንና መጽሔቶችን ቃኝቶ ያለ ክፍያ አቅርቧል። እዚህ ላይ ፍለጋው ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቆየ ኅትመት በማሽን ሲነበብ ፊደል ይሳሳታል፣ የስደተኛ ቀራጺዎች ስምም በተለያየ መንገድ ይጻፋል። ለምሳሌ የ1812ቱን ጦርነት ሜዳሊያዎች የቀረጸው ሞሪትዝ ፉርስት ስሙ አንዳንዴ በጀርመንኛው ነጥብ፣ አንዳንዴ ያለ ነጥብ ስለሚጻፍ ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል።

ጠርዙን ማንበብ

ጀማሪ ፊቱንና ጀርባውን ያያል፤ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ጠርዙን ያያል። ምክንያቱም የታወቁ ሜዳሊያዎች በድጋሚ ታትመዋል። የዋሽንግተን የቦስተን ሜዳሊያ በፓሪስም በፊላደልፊያም ለረጅም ዘመን በነሐስ እየታተመ ሲሸጥ ኖሯል። ሁሉም «ትክክለኛ» ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የዕድሜና የዋጋ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። የፓሪስ ማተሚያ ቤት ከ1832 ጀምሮ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጓል። መጀመሪያ ፋኖስ፣ ከ1841 መልሕቅ፣ ከ1842 የመርከብ አፍንጫ፣ ከ1845 የምታመለክት እጅ፣ ከ1860 ንብ፣ ከ1880 ደግሞ የበረከት ቀንድ ነበር። ስለዚህ ንብ ያለበት ሜዳሊያ የዋሽንግተን ዘመን ነው ቢባል ሐሰት ነው። የፊላደልፊያዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመኖቹ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆኑ የ20ኛው ክፍለ ዘመኖቹ ወደ ቢጫ ያደላሉ። በሜዳሊክ አርት ሥራዎች ጠርዝ ላይ «ዳንበሪ» የሚል ካለ ከ1972 በፊት ሊሆን አይችልም።

በቅርጽ ፈስሶ ለተሠራ ሜዳሊያ ሌላ ዘዴ አለ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ከሜዳሊያው ላይ ቅርጽ ወስዶ የፈሰሰ ቅጂ ከዋናው ያንሳል፤ 76 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 75 ይወርዳል። በካሊፐር መለካት ብዙ ክርክር ይዘጋል። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ካታሎጎችና ድረ ገጾች የፊትና የጀርባ ፎቶ ብቻ ማስቀመጣቸው ነው።

ሰብሳቢዎች

በ1891 የተመሠረተውና በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሚገኘው የአሜሪካ ኑሚስማቲክ አሶሲዬሽን ለአባላቱ መጻሕፍት ያውሳል። በ1998 የተቋቋመው የአሜሪካ ሜዳሊያ ሰብሳቢዎች ማኅበር የራሱ መጽሔት አለው። በ1982 የተመሠረተው የአሜሪካ ሜዳሊያ ቅርጽ ማኅበር ደግሞ አሁን የሚሠሩ ቀራጺዎችን ያሰባስባል።

ሜዳሊያ ሁሉ ዋጋው ይጨምራል ብሎ መግዛት አያዋጣም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በየወሩ በፖስታ የሚላኩ የብር ሜዳሊያዎች ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንደ ጥሪት ተሸጠው ነበር፤ በ1980 መጀመሪያ የብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር በወቄት ሲጠጋ ብዙዎቹ ቀልጠው ቀሩ። በአንጻሩ የታወቁ ቀራጺዎች የነሐስ ሥራዎች በዚያው ሰው ከሠራው ሐውልት ጋር ሲነጻጸሩ ርካሽ ናቸው።

ሜዳሊያን በአሲድ ወይም በብረት ማጽጃ ማጠብ ፓቲናውን ያጠፋል፤ የጠፋው ቀለም የቀራጺው ሥራ አካል ስለሆነ አይመለስም። አቧራን በለስላሳ ጨርቅ ማንሳት፣ ጠርዙን ይዞ ማየት፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ወይም ሣጥን ማስቀመጥ በቂ ነው። ከማን፣ መቼና በስንት እንደተገዛ የሚገልጽ ካርድም ከሣጥኑ ጋር ይቀመጣል።