ኦርኬስትራ ለመግባት የሚፈተን ወጣት ምን ተዘጋጅቶ ይቅረብ?

በእኛ በመስቀል ፍላወር አካባቢ ክራር ወይም ኪቦርድ የሚነካካ ወጣት አይታጣም። ነገ ተመርቀን ስንወጣ አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ለሙዚቃ ፈተና ልቀርብ ነው፤ ምን ልለማመድ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? «በርታ» ብቻ መልስ አይሆንም።

ኦርኬስትራ ላገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ማርሽ ባንድ ሆነዋል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን ያሳደገለት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ግብፅ የተወለደው ሐሊም ኤልዳብ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። እንዲህ ያለ ቦታ ለመግባት ታዲያ ዜማ መውደድ ብቻ አይበቃም፤ መፈተን አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ተማሪ የሚቀበለው ችሎታውን ፈትኖ ነው።

ብዙ ወጣት ፈታኝ ለማስደነቅ ሲል ፈጣኑንና ከባዱን ዜማ ይመርጣል። ለእኛ ይህ ትክክል አይመስለንም። ፈታኞች የሚያዳምጡት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቶሎ የሚለዩትም ምቱ መጠበቁን፣ ቅኝቱ መስተካከሉንና ድምፁ መጥራቱን ነው። በውጭ አገር ተወዳዳሪው የሚጫወታቸው ቅንጫቢዎች አስቀድመው ይነገሩታል፤ ለቫዮሊን ለምሳሌ የሪቻርድ ሽትራውስ «ዶን ህዋን» መግቢያ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ተፈታኙ የሚጫወተው ብቻውን ነው፤ ይሁን እንጂ የሌሎቹን መሣሪያዎች ድምፅ በሐሳቡ ይዞ መሆን አለበት። ኖታው ሁለት ምት ዝም በል ካለው፣ ሁለት ምት ሙሉ ዝም ይላል። አንዷን በልቶ ከገባ፣ «ይሄ ልጅ ከሰው ጋር መጫወት አይችልም» ያሰኝበታል።

ልምምዱስ? በሜትሮኖም ቀስ ብሎ ጀምሮ ፍጥነቱን ትንሽ በትንሽ መጨመር። በስልክ ቀድቶ በማግሥቱ ማዳመጥ፤ ሲጫወቱ ያልተሰማው ጉድለት ያኔ ይሰማል። ከዚያ ጎረቤት ሰብስቦ አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት፤ «ቆይ ልድገመው» የለም! ደረጃ በሩጫ ወጥቶ ልብ እየደለቀ መሣሪያ ማንሳትም ይጠቅማል፣ በፈተናው ቀንም ልብ እንደዚያው ይደልቃልና። በትዝታና በባቲ ያደገ ልጅ ደግሞ ከአምስቱ ድምፅ ወደ ሰባቱ ስኬል ሲሻገር እንዳይደናገር ሁለቱንም በአፉ እያዜመ ቢለማመድ ጥሩ ነው።

የፈታኙስ ዝግጅት? የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈታኞችን ከመጋረጃ ጀርባ ማጫወት ጀመረ፤ ዓይን ጆሮን እንዳያታልል ነው። በኋላም የሴት ጫማ ኮቴ እንዳይለይ በአንዳንድ ቦታ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። በ1980 የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ አቢ ኮናንት የምትባል ትሮምቦን ተጫዋችን «አቶ» ብሎ ለፈተና ጠራ። ከመጋረጃው ጀርባ ሠላሳ ሁለቱን ተወዳዳሪዎች በልጣ ተመረጠች። ሴት መሆኗ ከታወቀ በኋላ ግን ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ዝቅ ተደረገች፤ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተሟግታ ረታች።

እኛም ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ልጆች ስንመርጥ በክፍሉ መካከል አንሶላ መወጠር አያቅተንም። ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ ፈንታ ቁጥር እንስጠው። ጫማቸውንም በር ላይ ያውልቁ፤ ያኔ የማን ጫማ አዲስ፣ የማን የተቀደደ እንደሆነ አናይም።