የበግና የፍየል እከክ፤ ቅርፊቱ የበሽታው መጀመሪያ አይደለም

ገበሬ ሆይ፣ በግዎ ከግንድ እየታከከ ጠጉሩ ሲረግፍ፣ ቆዳውም ቅርፊት ሲያወጣ በሽታው ዛሬ የጀመረ አይምሰልዎ። እከክን የሚያመጣው ቆዳን ፈልፍሎ በውስጡ እንቁላል የሚጥል፣ ለዓይን የማይታይ ተባይ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ጠጉር በሳሳበት በከንፈር፣ በጆሮና በዓይን ዙሪያ የሚወጣ ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ ነው። ቅርፊት፣ ቁስልና የቆዳ መወፈር ከመታከክ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ቆዳው ወፍሮ ከተጨማደደ በሽታው ሰንብቷል ማለት ነው። ቅማልም ያሳክካልና በቅርፊቱ ብቻ አይፍረዱ፤ ጠጉሩን ገልጠው ቅማል መኖሩን ይመልከቱ።

ቅርፊቱን ፍቆ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት፣ ብዙ ሰው ቢያደርገውም፣ ቆዳውን ይጎዳል። የታመመውን ለይተው ሐኪም ይጥሩ። አይቨርሜክቲን ከቆዳ በታች ይወጋል፤ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። አብረው የዋሉትም ይታከሙ። ሥጋውና ወተቱ መቼ እንደሚበላ ሐኪሙን ይጠይቁ።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፣ ለምርመራ ቆዳ ሲፍቁ ከአሮጌው ቅርፊት መካከል አይውሰዱ፤ ከአዲሱ ቁስል ጠርዝ፣ ጥቂት ደም እስኪታይ ድረስ ይፋቁ። ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ እከኩ ወደ ሰው ይተላለፋልና።