የእሑዱ እምነት ሰኞ ፈተና ክፍል ሲገባ



እሑድ በአምልኮ ጊዜ እጅን ማንሳት ከባድ አይደለም፤ ሁሉም ያነሳልና። ከባዱ ሰኞ ነው። እኛ ባለንበት በመካኒሳ አቦ አካባቢ ታዳጊዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ፓስተር፣ ክፍሉ በሙሉ ሲኮራረጅ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። ማርክም ጓደኛም ሊያሳጣ ይችላልና። እስቲ ከእግዚአብሔር ቃል አንጻር አብረን እንመልከተው።

1. ምሳሌ መሆን ምን ማለት ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ወጣትነቱን ማንም እንዳይንቀው፣ ይልቁንም በንግግሩ፣ በኑሮው፣ በፍቅሩ፣ በእምነቱና በንጽሕናው ለሚያምኑት ምሳሌ እንዲሆን ይመክረዋል (1ኛ ጢሞ. 4፡12)። «ምሳሌ» የተባለው በግሪኩ «ቲፖስ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ አንድ ነገር ሲመታ ወይም ሲጫን የሚተወውን ምልክት ያሳያል። ቶማስ በጌታ እጅ ላይ ላይ ማየት የፈለገው የችንካር ምልክትም በዚሁ ቃል ተገልጿል (ዮሐ. 20፡25)። እንግዲህ ጳውሎስ ንቀትን በክርክር አሸንፍ አላለም። አኗኗርህ በሰዎች ዘንድ ምልክት ይተው ማለቱ ነው።

2. ከእናንተ በፊት የነበሩ ተማሪዎች

በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በሐዋሳ የተነሳው የጴንጤቆስጤ መነቃቃት በአብዛኛው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ነበር። ከዚህ የወጣችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቃ ተከለከለች። በ1964 ዓ.ም ደግሞ በአዲስ አበባ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት 250 ያህሉ ታሰሩ። «ጴንጤ» የሚለው ስም ያኔ መሰደቢያ ነበር። እነዚያ ልጆች ግን በእምነታቸው ጸኑ። እናንተ ዛሬ በነጻነት የምትዘምሩት እነርሱ ዋጋ ከፍለው ባቆዩት እምነት ነው።

3. በፈተና ክፍል ውስጥ

በግንቦት 2008 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማህበራዊ ድረ ገጽ በመሰራጨቱ ተሰረዘ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ኩረጃን ለመከላከል በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ቢሆንም የተኮረጀ ማርክ ያላወቅነውን እንደማያሳውቀን ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከፈተናው ቀን በፊት ወስኑ። ዳንኤል ላለመርከስ በልቡ የቆረጠው ማዕዱ ፊቱ ከመቅረቡ በፊት ነው (ዳን. 1፡8)። ሁለተኛ፣ አጥኑ። ዳንኤል የጸሎት ሰው ነበር፤ ነገር ግን የከለዳውያንን ትምህርት ሦስት ዓመት ተምሯል። ጸሎት ጥናትን አይተካም። ሦስተኛ፣ ለጓደኛችሁ «በፈተና ሰዓት አላሳይህም፤ ቅዳሜ ግን ና፣ አብረን እናጥና» በሉት። «አላሳይም» ብቻ ብትሉት እንደ ትዕቢት ይቆጥረዋል፤ ቅዳሜያችሁን ስትሰጡት ግን ፍቅራችሁን ያያል። ከዚህ ቀደም ኮርጃችሁ ከሆነም ለእግዚአብሔር ተናዘዙ፤ እርሱ ይቅር ይላል (1ኛ ዮሐ. 1፡9)። ከዚያም ተዉት።

4. በቤት ውስጥ

ሰፈራችን የሚጠራው በአቦ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙዎቻችሁም ወላጆቻችሁ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። በጾም ወራት የእናታችሁን ማዕድ አታጣጥሉ። የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ ተጽፎልናል (ሮሜ 14፡3)። ስለ እምነታችሁ ስትጠየቁ በየዋህነትና በአክብሮት መልሱ (1ኛ ጴጥ. 3፡15-16)። ለጸሎት ፕሮግራም የሚሮጥ ልጅ ዕቃ ሳያጥብ፣ የታዘዘውን ሳይፈጽም ከወጣ፣ ቤተሰቡ ስለ ወንጌል ምን ያስባል? ወላጆቻችሁ ስብከታችሁን ባይሰሙም ታዛዥነታችሁን በየቀኑ ያያሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አትርሱ። ይህን ሁሉ የምናደርገው ለመዳን አይደለም። በጸጋ ድነናል፤ መልካሙን ሥራ የምንሠራው ስለዳንን ነው (ኤፌ. 2፡8-10)። ብቻችሁንም አትታገሉ። በትምህርት ቤታችሁ ካለው ኅብረት ቢያንስ አንድ የጸሎት ጓደኛ ፈልጉ። ዳንኤልም ሦስት ጓደኞች ነበሩት።

የሰኞው አምላክ የእሑዱ አምላክ ነውና በርቱ። ጌታ ይባርካችሁ!